ስለ መዋዕለ ሕፃናት ሽንት ቤት ጥቂት እንበል

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀም፣ ስለ ሕፃናት ጨዋታና መዝሙር ብዙ ጊዜ ተጽፎ አንብበናል። መልካም ነው፤ ይቀጥል። ስለ ሽንት ቤት ግን አንድ መስመር እንኳ ተጽፎ አላየንም። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም፤ ነገሩ ደስ አይልም፣ በጨዋ ሰው ፊትም አይወራም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተቋም ወጥተን የምንረከባቸው ልጆች የአራት፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው። እነዚህ ልጆች ደግሞ "ሀ"ን ከ"ለ" ከመለየታቸው በፊት ሽንታቸው ይመጣል። እንግዲህ አንባቢ አፍንጫውን ሳይዝ ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት መዋዕለ ሕፃናት ስድስት ሆነን ስድስት ሳምንት ቆይተናል። የቤቱን ስም አናነሣም፤ ለወቀሳ አልተነሣንምና። ደግሞም የዚያ ቤት ችግር የብዙ ቤት ችግር ነው። ከመቶ ሠላሳ የሚበልጡ ልጆች አሉት። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ያለ፣ የሲሚንቶ ወለልና አራት ቀዳዳ ያለው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። በአንዱ በር ላይ "ወንዶች"፣ በሌላው በር ላይ "ሴቶች" ተብሎ በቀለም ተጽፏል። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ግን ጽሑፉን ማንበብ የሚችል አልነበረም።

መጀመሪያ የታዘብነው ሽንት ቤቱን ሳይሆን ውሃውን ነው። ወላጆች በየሃይላንዱ ውሃ ሞልተው ይልካሉ፤ ውሃው እንደተሞላ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት እንኳ ሮጠው፣ ላብ በላብ ሆነው የሚመጡ ልጆች ከንፈራቸውን ብቻ አርሰው ይከድኑታል። አንዷን ትንሽ ልጅ ጠጋ ብለን ጠየቅናት።

"ለምን አትጠጪም፣ የኔ ቆንጆ?"

"ሽንቴ ይመጣላ።"

"ቢመጣስ?"

"እዛ ቤት አልገባም።"

"ለምን?"

"ይሸታል። ደሞ ጉድጓዱ ይበላኛል።"

እንዲህ ያለው የሕፃን አነጋገር ሳቅ ያመጣል። ነገር ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። የጤና ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ውሃ አለመጠጣትና ሽንትን ደጋግሞ መያዝ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ ይህም በሴቶች ልጆች ላይ ይብሳል። ዓይነ ምድርን መያዝም ድርቀት ያመጣል። ድርቀት ያለበት ልጅ ሲቀመጥ ያመዋል፣ ስለሚያመው ይይዛል፣ ስለያዘ ደግሞ ይብስበታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኛ በዓይናችን ያየነው አለ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ተረት እየተነገረ ሳለ አንድ ልጅ ምንጣፉ ላይ ሽንቱ አመለጠው። ጓደኞቹ "ሸና! ሸና!" እያሉ ጮኹ። ልጁ አላለቀሰም። ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ፤ እስከ መለቀቂያ ሰዓት ድረስ ማንም ሊያዞረው አልቻለም። በማግሥቱ አልመጣም። በሳልስቱም አልመጣም። የዚያን ዕለት የትምህርት ዕቅድ ዓላማ "ሕፃናት ያዳመጡትን ተረት በቅደም ተከተል ይናገራሉ" የሚል ነበር፤ ዕቅዱ ሲመረመር ምንም ጉድለት አልተገኘበትም።

"ጉድጓዱ ይበላኛል" የሚለውም ቢሆን የልጅ ተረት ብቻ አይምሰለን። ቀዳዳው ለአዋቂ እግር የተለካ ነው። የአራት ዓመት ልጅ በሁለት በኩል ረግጦ ሲቀመጥ እግሮቹ ተበርግደው ይንቀጠቀጣሉ፤ ወለሉ እርጥብ ከሆነማ አይነገርም። በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ በተባለው ክፍለ ሀገር በ2014 እ.ኤ.አ. የአምስት ዓመት ሕፃን ትምህርት በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ በትምህርት ቤቱ የጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ነገሩ እስከ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ አገሩን ሁሉ ያነጋገረ ነበር። ስለዚህ ለሕፃን የሚሠራ ቀዳዳ ጠበብ፣ መርገጫውም ቀረብ ይበል የሚባለው በከንቱ አይደለም። የተሠራውን አፍርሶ መሥራት ካልተቻለ ከላዩ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያለው ጣውላ መግጠም ይቻላል። ጣውላው ግን ቀለም በደንብ ካልተቀባ ሽንት ይጠጣል፤ ሽንት የጠጣ እንጨት ደግሞ ቢፈገፈግ ውሎ ቢያድር አይጠራም።

ታዲያ ወደዚያ ቤት የማይገቡት ልጆች የት ይሄዳሉ? ከአጥሩ ሥር፣ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ። እዚህ ላይ ሳይንሱ የሚለው ያስደንቃል። የትራኮማን በሽታ ከዓይን ወደ ዓይን የሚያመላልሰው ዝንብ በዋናነት የሚራባው ጉድጓድ ውስጥ በገባው ሳይሆን ሜዳ ላይ በተተወው የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው። አገራችን ደግሞ በትራኮማ እጅግ ከተጠቁት የዓለም አገሮች አንዷ ናት። እንግዲህ ሽንት ቤቱ ስለቆሸሸ ልጁ ከክፍሉ ጀርባ ይቀመጣል፣ ዝንቡ እዚያው ይራባል፣ ከዚያም በመስኮት ገብቶ "ሀ ሁ" የሚሉትን ልጆች ዓይን ላይ ያርፋል። ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ዝንብ እሽ እንላለን፤ ምንጩ ግን ከጀርባችን ነው።

ሽንት ቤቱ አይጸዳም ነበር ማለታችን አይደለም። ይጸዳል። ጠዋት ጠዋት ልጆች ከመግባታቸው በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ውስጥ በረኪና ተደርጎ ከበሩ ላይ ሆኖ ይደፋበታል። ሽታው ግቢውን ይሞላዋል፤ በአጠገቡ የሚያልፍም ሰው "ዛሬስ ታጥቧል" ይላል። ገብተን ስናይ ግን ወለሉ ላይ የደረቀው እንደደረቀ ነው፣ የበሩ መሸንጎሪያ ላይ የተለጠፈውም እንደተለጠፈ ነው። ልጆቹም ዓይናቸውን እያሹ ይወጣሉ።

የጽዳቱን ሥራ የያዙት እማማ እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት ናቸው። ሦስት የመማሪያ ክፍል፣ ቢሮውን፣ ግቢውንና ሽንት ቤቱን ብቻቸውን ያጸዳሉ፤ በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ለመምህራን ሻይ ያፈላሉ። (ሽንት ቤት ያጸዳ እጅ ሻይ ሲያቀርብ ማንም ስለ ሳሙና የጠየቀ የለም፤ ይህንንም በዚሁ አጋጣሚ ማንሣት ደግ ነው።) ለምን በብሩሽ እንደማይፈገፍጉ ስንጠይቃቸው አልተቆጡም።

"ልጆቼ፣" አሉን፣ "ብሩሹ ጸጉሩ ካለቀ ዓመት ሆነው። ሳሙና በወር አንድ ጊዜ ይሰጠኛል፣ እሱም ለቢሮው ነው። በረኪና ግን አይጠፋም፤ ርካሽ ነዋ። ሳሙና የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? በረኪና ይደፋል።"

ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ይልቅ ከዚህ አነጋገር ተምረናል ብንል ማጋነን አይሆንም። ነገሩ ተገልብጦ ነበርና። በረኪና ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ክሎሪን ደግሞ ቆሻሻ ሲያገኝ ጉልበቱን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። የደረቀ ዓይነ ምድር ላይ ቢደፋ ላዩን ነጭ ያደርገው ይሆናል እንጂ ከሥሩ ያለውን ጀርም አይነካውም። እንዲያውም አንዳንዱ ጠላት ንጹሕ ወለል ላይ እንኳ በረኪናን ከቁብ አይቆጥረውም። የወስፋት እንቁላል ጠንካራ ቅርፊት ስላለው እኛ በምንጠቀምበት መጠን ክሎሪን አይሞትም። እሱን የሚያስወግደው ውሃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ነው፤ ተፈግፍጎ፣ ታጥቦ፣ ተጠርጎ መሄድ አለበት። ሳሙናው ይቅደም፣ በረኪናው ይከተል የምንለው ለዚህ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚገዛበት ገንዘብ ካለ ደግሞ እኛ ሳሙናውን እንመርጣለን።

የመጠኑን ነገር ያሳዩን ከቀበሌው የመጡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናቸው። እነዚህ ሠራተኞች በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተሰማሩ ናቸው፤ ቢጠሩ ይመጣሉ፣ የሚጠራቸው ግን ጥቂት ነው። በረኪናው ጠርሙስ ላይ 5 በመቶ የሚል ካለ ለሽንት ቤቱ ወለል አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ይኸውም በአንድ ጣሳ በረኪና ላይ ዘጠኝ ጣሳ ውሃ ማለት ነው። ለበር እጀታ፣ ለመሸንጎሪያና ለቧንቧ ግን አንድ ለአርባ ዘጠኝ ይበቃል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። በየቀኑ ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይበጥበጥ፤ ፀሐይና ጊዜ ጉልበቱን ይጨርሱታልና ትናንት የተበጠበጠው ዛሬ ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ከተረጨ በኋላ ወለሉ አሥር ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ በውሃ ይለቀለቃል፣ በሩ ተከፍቶ ይናፈሳል፤ ልጆች የሚገቡት ከዚያ ወዲያ ነው። እኛ በጣሳ እየለካን ስንበጠብጥ እማማ "እኔ በዓይኔ ነበር የምለካው" ብለው ሳቁ። የእሳቸው የዓይን ልክ ከሚገባው ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር። ልጆቹ ዓይናቸውን ያሹበት ምክንያት የተገኘው ያኔ ነው፤ ያለ አግባብ የፈሰሰው በረኪና ዋጋም ለአንድ ብሩሽ ይበቃ ነበር።

አንድ ነገር ግን በጣም አስደንግጦናል። ሱፐርቫይዘር ይመጣል በተባለበት ቀን እማማ ሽንት ቤቱ "ፏ እንዲል" የሽንት ቤት አሲዱንና በረኪናውን አንድ ላይ ደፉት። "ደረቴን ጥርቅም አደረገኝ፣ ውጪ ወጥቼ ተዘረርኩ" ብለው ነገሩን። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር በተባለው ስፍራ ወታደሮች የተፈጁበት ነው። ያጠራቀመ ሽንት ላይ በረኪና መድፋትም የሚያፍን ጭስ ያወጣል፤ ስለዚህ ሽንቱ አስቀድሞ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። ይህን ለጽዳት ሠራተኛዋ የነገራቸው አልነበረም። በግቢው ውስጥ ግን ኬሚስትሪ የተማሩ ሰዎች ሞልተው ነበር።

ሌላው አደጋ የበረኪናው ማስቀመጫ ነው። የተበጠበጠው በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ሕፃናቱም ውሃቸውን የሚያመጡት በዚያው ዓይነት ጠርሙስ ነው! በረኪና በራሱ ጠርሙስ ውስጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ምናልባት ልጅ ቢጠጣው አፉን በውሃ አጉመጥምጦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል እንጂ በጣት እያስነኩ ማስመለስ ክልክል ነው፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ እንደገና ያቃጥላልና።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ እንምጣ። ጠብ ያልነው ስላለ ነው። ሽንት ቤቱን ከእማማ ጋር አንድ ቅዳሜ እናጽዳው የሚል ሐሳብ ሲነሣ ከመካከላችን አንዱ "እኛ የመጣነው ልናስተምር ነው፤ መጥረጊያ ልንይዝ አይደለም" አለ። ከመምህራኑም አንዷ "ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈላት ሰው አለች፣ ሥራዋን አትቀሟት" አሉ። ሁለቱም ንግግሮች በመጠኑ እውነት አላቸው። ሆኖም ከየት እንደመጡ ስናስብ ትዝ ያለን ሁለተኛ ደረጃ የተማርንበት ጊዜ ነው። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ምን ይደረግ ነበር? ሽንት ቤት ያጽዳ ይባል ነበር። የረበሸስ? ሽንት ቤት ያጽዳ። ጓንት የለም፣ ሳሙና የለም፤ መጥረጊያና ውርደት ብቻ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንት ቤት ማጽዳት ቅጣት መሆኑን የተማረ ሰው መምህር ሲሆን በአጠገቡ እንኳ ማለፍ ባይፈልግ ምን ይገርማል? ቤቱን የቅጣት ቤት ያደረግነው እኛው ትምህርት ቤቶች ነን። በእኛ አስተያየት ይህ ቅጣት ከየትኛውም ትምህርት ቤት ጨርሶ መወገድ አለበት፤ የሚያዋርደው የተቀጣውን ተማሪ ብቻ ሳይሆን በዚያ ሥራ የሚተዳደሩትን እናትም ጭምር ነውና።

የተማረ ሰው ስለ ንጽሕና ሲነገረው መኮሳተሩ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1847 እ.ኤ.አ. በቪዬና ከተማ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም፣ የሬሳ ምርመራ አድርገው ወደ ወላዶች ክፍል የሚገቡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ አዘዘ። የወላዶች ሞት በጣም ቀነሰ። ነገር ግን ብዙ ሐኪሞች ሐሳቡን አልተቀበሉትም፤ ከፊሎቹም የእኛ እጅ እንዴት ሞት ያመጣል ብለው ተቆጡ። ክሎሪኑ እንግዲህ ያኔም ነበር። የቸገረው ኩራት ነው።

ቅዳሜው ተገኘ። ስድስታችንም ተገኘን፤ "መጥረጊያ አልይዝም" ያለውም ጭምር መጣ፤ እንዲያውም ውሃ የማመላለሱን ከባድ ሥራ እሱ ያዘ። እማማ አለቃችን ሆኑ። ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች መሄድ እንዳለበት የነገረን ሳይኖር እሳቸው በልማድ ያውቁታል፦ መጀመሪያ እጀታውና መሸንጎሪያው፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ከዚያ ወለሉና መርገጫው፣ መጨረሻ የቀዳዳው ዙሪያ። የሽንት ቤቱ ጨርቅና ብሩሽ ለብቻው፣ የክፍሉ ለብቻው፤ እንዳይቀላቀል የሽንት ቤቱ ዕቃ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንበት። ሲያበቃ ብሩሹም ጨርቁም ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ወደ ጉድጓዱ ውስጥ በረኪና አልጨመርንም፤ እዚያ ቢደፋ ብክነት ነው፣ ቆሻሻውን የሚያበሰብሱትንም ጥቃቅን ነፍሳት ይጎዳል። አመድ ነሰነስንበት። አመድ ሽታና ዝንብ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ከማድ ቤት ነው።

የልጆቹ ድርሻ ምን ይሁን የሚለው ብዙ አከራክሮናል። በረኪናና ብሩሽ በምንም መንገድ የሕፃን ሥራ አይደለም፤ በዚህ ሁላችንም ተስማምተናል። ነገር ግን ቀዳዳውን በክዳኑ መክደን፣ ወረቀቱን በቦታው መጣል፣ ሲወጡ እጅ መታጠብ ይችላሉ። ለእጅ መታጠቢያ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በሩ ላይ ተተክሎ የነበረውን፣ በኋላ የተረሳውን ጄሪካን አንሥተን ከሽንት ቤቱ መውጫ አጠገብ በልጆች ቁመት ሰቀልነው። ደረቅ ሳሙና እየተወሰደ ቢያስቸግር የዱቄት ሳሙና በሃይላንድ ውሃ በጥብጠን፣ ክዳኑን በሚስማር በስተን፣ በገመድ አሰርነው፤ ቢጨመቅ ጠብ ይላል። ጠርሙሱ ላይ ከሩቅ እንዲለይ ሰማያዊ ቀለም ቀባንበት። አንዷ ልጅ በአንድ ጠዋት ሰባት ጊዜ ሽንት ቤት ሄዳ ሰባት ጊዜ ታጠበች። ሽንቷ መጥቶ እንዳልነበር ግልጽ ነው።

ለመምህሮቻችን አንድ ጥያቄ አለን። በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ልትገመግሙን መጥታችኋል። የግምገማው ቅጽ የድምፃችንን ከፍታ፣ የሰሌዳ አጻጻፋችንን፣ የጊዜ አጠቃቀማችንን ይጠይቃል። ልጆቹ ውሃ መጠጣታቸውንና ሽንት ቤት ሳይፈሩ መግባታቸውን የሚጠይቅ ረድፍ ግን የለውም። አንድ ረድፍ ቢጨመር ምን ይጎዳል?

ከዚያ ቤት በወጣንበት ሳምንት ሽንት ቤቱ በቀን አራት ጊዜ መታየት ጀምሮ ነበር፦ ልጆች ሳይገቡ፣ ከዕረፍት በኋላ፣ ከምሳ በኋላና በመለቀቂያ። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ወረቀት ላይ ተረኛዋ መምህርት ትፈርማለች፤ ማጽዳቱ የእማማ፣ ማየቱ የመምህራኑ ሆነ። ዳይሬክተሩ ሁለት ብሩሽ አስገዝተዋል፣ ሳሙናውንም የወላጆች ኮሚቴ ተቀብሎታል። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ልጅ በአራተኛው ቀን እናቱ ይዘውት መጥተዋል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ከአንደኛችን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ነበር ሽንት ቤት የሚሄደው፣ በኋላ ብቻውን መሄድ ጀመረ። የሃይላንዶቹም ውሃ እየጎደለ ወደ ቤት ይመለስ ጀመር። የእማማ ጓንት ግን እስከ ወጣንበት ቀን ድረስ አልተገዛም ነበር።